የኩባንያው ቤት

ባቡሩ ሊሄድ የታሰበው ሐረር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ግን ተራራው ሥር ሲደርስ ዳገቱ ኪስ የሚያራቁት ሆነና በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ የተወለደችው ሐረር በመቅረቷ ነው። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ስሙ አልያዘላቸውም። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ በኩል መንገዱን እንደ ደብተር መስመር አስምረው፣ ዛፍ ተክለው፣ ለባቡር ኩባንያው ሰዎች ቤት ሠሩ፤ ከዚራ ማለት እሱ ነው። ማዶ መጋላ እንዳመጣለት በቀለ።

ቅኝ አልተገዛንም፤ ይህን ድሬ ላይ ለሕፃን እንኳ መንገር አያስፈልግም። የኩባንያው ቤቶች ግን ፈረንሳይ በገዛው ሞቃት አገር ሁሉ ለራሱ የሚሠራው ዓይነት ናቸው። አባቴ ሲያጫውተን፣ በእሱ የልጅነት ዘመን የኛ ሰው ወደነዚያ ቤቶች የሚገባው በጓሮ በር ነበር፤ ወይ ሊያበስል፣ ወይ አትክልት ሊያጠጣ። ፈረንሳዮቹ ሲሄዱ፣ እሱ የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኛ ስለነበር፣ አንዱ ቤት ለሦስት ቤተሰብ ሲከፋፈል ሲሶው ደረሰን። በፊት በር ገባን።

ያ ቤት ሙቀት ያውቅ ነበር። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ መስኮቱ ላይ እግራችንን አጥፈን እንቀመጥ ነበር። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ከቆርቆሮው ሥር አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ አለው። በረንዳው ቤቱን ስለሚዞረው ፀሐይ ግድግዳውን አትነካውም። ማድ ቤቱ ለብቻው ጓሮ ውስጥ ነው፤ እሳቱ ከሰው ጋር አያድርም። እናቴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የእንጨት መዝጊያዎቹን ሁሉ ትዘጋለች፤ 11 ሰዓት ላይ ትከፍታለች። በመሀል ያለው ጊዜ የእንቅልፍ ነው። መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ቀትር ላይ ስለሚዘጋ ከተማው እንዳለ ይተኛል፤ እኛ ልጆቹ ምንጣፍ ገፍተን ባዶ ወለል ላይ እንጋደማለን። ወለሉ ይቀዘቅዛል። ዛሬም ቅዝቃዜ ሲባል ትዝ የሚለኝ በረዶ አይደለም፣ ያ ወለል ነው።

በጊዜው ግን አፈርንበት። ጓደኞቻችን መስታወቱ የሚያብረቀርቅ፣ መስኮቱ ሰፊ ቪላ ነበራቸው። የኛ ጨለማ ነው፣ አሮጌ ነው፣ የኩባንያ ነው።

ዛሬ ያ አሮጌ ቤት ቅርስ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች በረንዳው ላይ ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ፤ ተከራዮቹም ከገመዱ ላይ ልብሳቸውን ሰብስበው ዞር ይላሉ። ባለፈው ስሄድ አንድ ወጣት ባለሙያ ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ አገኘሁት። ከቀድሞ ጎረቤቶቻችን የቀሩት አንድ እናት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ይሄ ቅርስ ስለሆነ ምንም እንዳትነኩ» አላቸው።

«ጣሪያው ያፈሳል፣ ልጄ።»

«እሱም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይነካም።»

«እንግዲያስ እኔንም መዝግበኝ። ከቤቱ ብዙም አላንስም፤ ጉልበቴም ፈቃድ እየጠበቀ ነው።»

ልጁ አልዋሸም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገን ይከለክላል። ዝናቡ ግን አዋጅ አያነብም። የበረንዳውን አንድ ወገን በቆርቆሮ ከልለው ለልጆች መኝታ ያደረጉትን ሳይ ልቆጣ ነበር፤ የወንድሜ አልጋ የነበረው እዚያው ቦታ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

እኔን የሚያሠጋኝ ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮ ይነሣል። የምፈራው «እናድሰው» የሚለውን ነው፤ ፊቱን ቀለም ቀብተው፣ ውስጡን በጂፕሰም ዝቅ አድርገው፣ መዝጊያውን ነቅለው መስታወት ገጥመው ካፌ ያደርጉታል። ያኔ የሚተርፈው የፈረንሳዮቹ ፊት ብቻ ነው፤ ፊታቸው ደግሞ ለኛ ምናችንም አልነበረም። የሚጠቅመን ሙቀቱን የሚመልሱበት ብልሃት ነበር፤ ከነሱ በኋላም የሚያስከብረው የእናቴ የ3 ሰዓት ሥርዓት ነበር። እሱን ማንም በሜትር አይለካውም።

ባቡሩም ቢሆን ከከተማው ርቋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ወጣ ብሎ ነው። የሐዲድ ዳር ከተማ ባቡር ለመሳፈር ባጃጅ ይይዛል።

የእህቴ ልጅ አሁን ሳቢያን ሰፈር ቤት ሊሠራ ነው። ምክር ቢጠይቀኝ በረንዳ አልኩት።

«አቦ ጋሼ፣ በረንዳ ቦታ ይበላል። ኤሲ አስገባለሁ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለ።»

ፕላኑን በስልኩ አሳየኝ። ያምራል፤ መስታወት በመስታወት ነው፤ ትልቁ መስኮት ወደ ምዕራብ ይመለከታል።