ሰሌዳ ያለው ቤት

ኮሌጅ የተመዘገብን ቀን ሁላችንም አንድ ዓይነት ቅጽ ነበር የሞላነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። እኔ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» እስከሚለው ድረስ በደንብ መጣሁና የቤት ቁጥር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ባዶውን ትቼ ብሰጥ የምዝገባዋ ሴትዮ መለሱልኝ።

«የቤት ቁጥር ይሞላ እንጂ ልጄ።»

«የለንም እትዬ።»

«ቤት የለህም?»

«ቤትስ አለን። ቁጥር ነው የሌለው። ሰሌዳ ነው ያለው።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀና ብለው አዩኝና «እንግዲያው ሰሌዳውን ጻፈዋ!» አሉኝ። ጻፍኩት። ያን ቀን የሳቁት ልጆች ዛሬ በአውቶሞቲቭ ትምህርት ክፍላችን ውስጥ የቅርብ ጓደኞቼ ናቸው። «እስቲ ስለዚያ ቤት ጻፍ» እያሉ ስለነዘነዙኝ ነው ይህን የምጽፈው።

የምንኖረው ተሳቢ ላይ ነው። ተሳቢ ስል በትክክል ተሳቢ ማለቴ ነው፤ ከፊያት ኤን 3 ኋላ የሚጎተተው፣ ባለ ሁለት አክስሉ፣ የፊት እግሩ የሚዞረው። በላዩ ላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ተቀምጧል። ለአዲስ አበባ ሰው ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሕይወት ብርቁ አይደለም። ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የጥበቃ ማደሪያው፣ ጎሚስታው ሁሉ ኮንቴይነር ነው። የእኛን ለየት የሚያደርገው ጎማ ያለው መሆኑ ብቻ ነው፤ ይሄ ደግሞ የአባቴ ሐሳብ ነው።

አባቴ በ1975 ዓ.ም. በረዳትነት ጀምሮ ኋላ ሾፌር የሆነ፣ የአሰብን መንገድ እንደ ግቢው የሚያውቅ ሰው ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ አሰብ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ዲቾቶ፤ እኛ ቤት የእነዚህ ቦታዎች ስም ከዘመድ ስም በላይ ይጠራል። በወር ውስጥ ቤት የሚያድርበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነበር። ሲሞቅ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ፣ ሲበርድ ጋቢና ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ስለዚህ እኛ «ቤት አይደለም» የምንለው ነገር ለእሱ ቤት ነበር። (እናቴ ይህን ስትሰማ «ለብቻህ ነዋ» ትላለች።)

ጡረታ በወጣበት ጊዜ ባለንብረቱ ሊከፍለው ከሚገባው ገንዘብ ግማሹን ማግኘት አልቻለም። በምትኩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሣር የበቀለበትን አሮጌ ተሳቢ «ውሰድ» ተባለ። እናቴ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል ብላ ገምታ ነበር። ላፍቶ ተከራይተን የምንኖርባት ሁለት ክፍል ኪራይ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ትጨምር ነበር። ሦስተኛው ጭማሪ የተነገረን ቀን አባቴ ራቱን ሳይጨርስ ተነሣና «ከእንግዲህ ልቀቁ ስንባል ቤቱን ይዘን ነው የምንለቀው» አለ። የቀልድ መስሎን ነበር።

ኮንቴይነሩን በ2012 ዓ.ም. ገዛ። ባዶው ኮንቴይነር ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ የውስጡ ርዝመት 5 ሜትር ከ90፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ35 ነው። አራት ሰው አስቡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፤ ኮንቴይነርን ለዓለም ያስተዋወቀው ማልኮም ማክሊን የሚባለው አሜሪካዊ ራሱ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ ሰው ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. 58 ሳጥኖችን ከነጭነታቸው መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። የእሱ ብልሃት ሳጥኑን ከጎማው መለየት ነበር። አባቴ ደግሞ ከስንት ዓመት በኋላ መልሶ ገጠመው! አሜሪካን አገር ሰዎች የዕቃ ተሳቢ ገዝተው፣ ውስጡን አልጋና ወጥ ቤት አድርገው፣ በፒክአፕ እየጎተቱ እንደሚኖሩ ያወቅሁት ኋላ ነው። አምስተርዳም ውስጥም ኬትቮነን የተባለ፣ ወደ 1000 ከሚጠጉ ኮንቴይነሮች የተሠራ የተማሪዎች መኖሪያ እንደነበረ አንብቤ ለአባቴ ነገርኩት። «ጎማ ነበረው?» አለኝ። «የለውም፤ እየደራረቡ ፎቅ ነው ያደረጉት» ስለው ወሬው አላስደሰተውም።

ሥራው አምስት ወር ፈጀ። እኔ ያኔ ገና ሃይስኩል ነበርኩ፤ ሆኖም ዛሬ በክፍል ከምማረው ብዙውን የተማርኩት እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም። ለምሳሌ ኮንቴይነር ላይ በፈለጉት ቦታ መስኮት አይቆረጥም። ክብደቱን የሚሸከሙት አራቱ የማዕዘን ምሰሶዎች ናቸው፤ ግን ያ እጥፍጥፍ ላሜራም ለጌጥ አልተሠራም፣ ሣጥኑ እንዳይጣመም የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ትንንሽ መስኮት ብቻ አወጣንና ዙሪያቸውን በቱቦላሬ በየድን። ከተሳቢው ጋር ግን አልበየድነውም። አባቴ በማዕዘኖቹ ቀዳዳዎች በኩል የሚቆለፍ ማሰሪያ አሠራ። «ከተበየደ አካሉ ተቀየረ ይሉናል፤ ከታሰረ ግን ጭነት ነው» አለ። እውነቱን ነው። ተሳቢው በየዓመቱ ለምርመራ ቀርቦ ቦሎ ይለጠፍበታል፤ እኛ በወረቀት ላይ ጭነት ነን።

ክብደት ማከፋፈል የሚባለውን ነገር ደግሞ እናቴ እስካሁን ይቅር አላለችውም። ቁም ሣጥኑን በስተግራ ስታስቀምጥ «ወደ ቀኝ!»፣ የውሃውን በርሜል ከበሩ አጠገብ ስታደርገው «ወደ መሐል!»። ሁለት መቶ ሊትር ውሃ ሁለት መቶ ኪሎ ነው እያለ ነው የሚከራከራት። እሷም አንድ ቀን «እኔስ የት ልቀመጥ? ባሌስትራውን እንዳልሰብርብህ» አለችው፤ ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም።

(በነገራችን ላይ የአባቴ የመኪና ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ፣ ታኮ። የእኛ መጽሐፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ዕቃ መሆናቸውን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ያጠናኋቸው ነገሮች አሉ።)

ከላፍቶ ወደ ለቡ የተጎተትነው ሌሊት ነው፤ ከባድ መኪና ቀን ከተማ ውስጥ ስለማይፈቀድለት። ለቡ ላይ ጋራዥ ያለው የአባቴ የድሮ ባልደረባ ከግቢው ጥግ ቦታ ሰጥቶን ነበር። የሚጎትተው ሌላ ጓደኛው በኤን 3 መጣ። አባቴ ጋቢና ውስጥ በረዳት ወንበር ተቀመጠ፤ እጁን ግን የት እንደሚያደርገው አያውቅም ነበር። እናቴና ታናሽ እህቴ በላዳ ከኋላ ተከተሉ፤ ጀበናው እናቴ ጭን ላይ። እኔና የጋራዡ ልጅ ረጅም እንጨት ይዘን ከፊት ከፊት እየሮጥን የተንጠለጠሉትን የስልክ ሽቦዎች ቀና እናደርጋለን። ቤታችን ከመሬት እስከ ጣሪያው አራት ሜትር አካባቢ ነው፤ የሰፈራችን ሽቦ ደግሞ ለአራት ሜትር ቤት አልታሰበም። አንድ ቦታ ውሾች ተሰብስበው ጮኹብን፣ አንድ ጥበቃ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ ብሎ «ምንድን ነው?» አለ። «ቤት ነው!» አለው የጋራዡ ልጅ። ጥበቃው ተመልሶ ተጠቀለለ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ደረስን፣ ከየጎማው ሥር ታኮ ተደረገ፣ ተኛን።

ለእናቴ ከባዱ ሌላ ነበር። ላፍቶ ዕድሯ አለ፣ የጽዋ ማኅበርተኞቿ አሉ። «ቤት ቢጎተት ዕድር አይጎተት» ብላ እስከ ዛሬ በየወሩ እየሄደች ለላፍቶው ዕድር ትከፍላለች። «እኔ ብሞት ድንኳኑን የት ልትተክሉት ነው? መንገድ ላይ?» ትላለች። ለዚህ አባቴም መልስ የለውም።

አሁን ልጽፈው ወደማልፈልገው ነገር መጣሁ።

ብረት ቤት ሌሊት ያልበዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አራት ሰው ሲተነፍስ ያደረው እንፋሎት ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ወደ ውሃ ይለወጥና ይንጠባጠባል። ሞራሌ መትተን፣ በመሐሉ ፎም ሞልተን፣ በቺፑድ ብንሸፍነውም ንፋሱ ከየት ከየት እንደሚገባ አይታወቅም ነበር። ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት «እኔ አለሁ» አልኩ። ሲልከን ገዝቼ ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩ። የበሩን ጎማ ቀየርኩ። ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጎን ከፋብሪካ ጀምሮ ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ አቧራ ማስገቢያ ናቸው ብዬ እነሱንም ደፈንኳቸው። ያን ሌሊት ሞቀን። እናቴ መረቀችኝ።

ሐምሌ ላይ ነው፣ እሑድ። ሌላ ጊዜ ቡና ከደጅ ሸራው ሥር ነው የሚፈላው። ያን ዕለት ዝናቡ በነፋስ እያዘነበለ ሸራውን አልፎ ሲመጣ እናቴ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋች። «ጭሱ አልቆ ነበር እኮ፤ ፍሙ ብቻ ነው» እያለች ነው ኋላ ስታለቅስ የነበረው። እኔ ጋራዡ ውስጥ ሞተር ሲፈታ እያየሁ ነበር። ቡና ልጠጣ ስመጣ በሩን ከፈትኩት። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ «ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ» አለችኝ። እህቴ አልጋ ላይ ነበረች። ጠራኋት። አልመለሰችም።

ቤታችን ከመሬት አንድ ሜትር ከምናምን ከፍ ያለ ነው። ያንን መሰላል እሷን ተሸክሜ እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ዝናቡ ፊቷ ላይ ሲወርድ ዓይኗን አለመጨፈኗን ነው። ከዚያ አባቴ፣ ከዚያ የጋራዡ ሰዎች፣ ከዚያ ላዳ። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደረገላት። በማግስቱ ጠዋት ተነሥታ ሻይ ጠየቀች።

ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ጭስ ያቆመ ፍምም ይለቀዋል። ይህንን ከሐኪሙ አይደለም የሰማሁት፤ ከአንድ ወር በፊት የሞተር ጭስ በሚለው ምዕራፍ ላይ ተፈትኜ ከ10 9 አግኝቼበታለሁ። «መኪና በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ለምን አይነሣም?» ነበር ጥያቄው። መልሱን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፌ፣ ቤት መጥቼ 30 ሜትር ኩብ የማይሞላውን ቤታችንን አየር እንዳያስገባ አድርጌ አሸግሁት። ከመጽሐፉ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ጭንቅላቴ እንዴት እንዳልሄደው ዛሬም አይገባኝም።

አባቴ ማታውን ከሐኪም ቤት ተመልሶ መብራት አበራና ጣሪያውን አየ። «እዚህ ጋ ቀዳዳ አልነበረም?» አለኝ። «እኔ ነኝ የደፈንኩት።» ዝም አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መሰርሰሪያውን አመጣና በዚያ ዝናብ ድፍኑን ሁሉ ከፈተው፤ አልበቃ ብሎት ከታችም ከላይም ሌላ መተንፈሻ አወጣ። ሲጨርስ ጎማው ላይ ተቀምጦ፣ በአሰቡ ዘመን ጣርማ በር ላይ ብርድ ጠንቶበት ጋቢና ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ፣ መስኮት ዘግቶ ተኝቶ በዚያው ስለቀረ አንድ ረዳት ነገረኝ። ጓደኛው ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አንሥቶት አያውቅም። ለምን ቀድሞ እንዳልነገረን አልጠየቅሁትም፤ እሱም ቀዳዳውን ለምን እንደደፈንኩ አልጠየቀኝም።

እህቴ ደህና ናት፤ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እናቴ ዝናብ የፈለገውን ያህል ቢዘንብ ምድጃ ወደ ውስጥ አታስገባም። እኔ ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ እጄን መተንፈሻው ላይ አደርጋለሁ፤ ንፋሱ ሲነካኝ ተመልሼ እተኛለሁ። ይበርዳል፤ ይብረድ።

አሁን ደግሞ ጋራዡ ሊሸጥ ነው። ባለቤቱ ተጨንቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የነገሩን። አባቴ ግን «ግድ የለም፤ እኛ እንሄዳለን» አላቸው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ትንሽ ደስ ሳይለውም አልቀረ። የት እንደምንሄድ ገና አልታወቀም፤ ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ ግቢ ተጠይቋል። ባለፈው ቅዳሜ ኮምፕሬሰር አስመጥቶ ስምንቱንም ጎማ ሲነፋ ዋለ። እናቴ ከፊተኛው ግራ ጎማ አጠገብ መሬት ላይ የተከለችው ጤና አዳም ነበራት፤ ከጎማው በላይ አድጓል። ከሸራው ሥር ቆማ ስታየው ቆየችና ገብታ አንድ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ከሥሩ መቆፈር ስትጀምር አባቴ ኮምፕሬሰሩን አጠፋና ሊያግዛት መጣ።