ጳጉሜን የበላችው ግራፍ

አጎታችን ዳንግላ ጓሯቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ውኃውን ይለኩና ደብተር ላይ ያሰፍራሉ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሚሊ ሜትር። ነገሩ ለወረዳው እንግዳ አይደለም። የዳንገሽታ ቀበሌ ነዋሪዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ዝናብን፣ የወንዝ ከፍታንና የጉድጓድ ውኃን መለካት የጀመሩት በ2006 ዓ.ም. ነው።

እኛ ደግሞ እንጅባራ ቁጭ ብለን የአጎታችንን የሁለት ዓመት ደብተር ኮምፒውተር ላይ ገለበጥነው። ግራፉን የሣልነው በግኑፕሎት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም። ቪኤስ ኮድ ላይ የግኑፕሎት ኤክስቴንሽን ስንጭንማ ዓለማችን ሆነ! ትእዛዙ በቀለም ይለያል፤ አንዲት ቁልፍ ስንጫን ግራፉ ብቅ ይላል። ኢማክስ የሚጠቀሙ ታላላቆቻችን ይህን ከድሮም ያውቁታል፤ ለእኛ ግን ብርቅ ነበር።

ዳንግላ ወርደን ለአጎታችን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩና፣

«ልጆች፣ ሩፋኤል ዕለት ያ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?» አሉ።

ደብተሩ ላይ አለ። ግራፉ ላይ የለም። ጉድ!

ለካ ግኑፕሎት የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። 13ኛ ወር ሲሰጠው ስሕተት ነው እንኳ አይልም፤ የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወር ያደርገዋል። የጳጉሜ 3 ዝናብ ከአዲሱ ዓመት መስከረም 3 ዝናብ ኋላ ተደብቋል። ጥቅምት 30ም ወደ ኅዳር ሸሽቷል፤ በጋ ስለሆነ ግን ማንም ልብ አላለውም። ኤክስቴንሽኑ የትእዛዙን ፊደል እንጂ የዝናቡን እውነት አይመረምርም። እኛም ቀለሙ ስላማረ ልክ መስሎን ነበር።

መፍትሔው ከራሳችን አቆጣጠር ተገኘ። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሶ በ30 ማባዛት፣ ከዚያ ቀኑን መደመር ነው። ጳጉሜ 3 ማለት 363ኛው ቀን። አንድ መስመር ትእዛዝ በቃው። የፈረንጁ ወር አንዴ 31 አንዴ 28 እየሆነ እንዲህ ባልተገራ ነበር።

እንደገና ቁልፏን ተጫንን። አጎታችን ጣታቸውን 363 ላይ አሳርፈው «አዎ፣ እሷ ናት!» አሉ።

ወዳጆቻችን፣ ግራፍ ስትሥሉ ከማተማችሁ በፊት ደብተሩን ለጻፈው ሰው አሳዩት። ደብተሩ ባለቤት አለው።