እፈራለሁ ማለት

ውሃ እፈራለሁ። ባደግኩበት ሰፈር ወንድ ልጅ የሚፈራው ነገር ቢኖርም በሆዱ ይዞት ይኖራል እንጂ አፍ አውጥቶ አያወራውም። ለአዲስ አበባ ልጅ ውሃ ማለት ክረምት ሲገባ የሚሞላ ወንዝ ነው፤ "እንዳትጠጉት" እየተባልን ነው ያደግነው። ግዮን ሆቴል መዋኛ ገንዳ እንዳለ እናውቅ ነበር፤ የመግቢያው ገንዘብ ግን ከየት ይመጣል? እናቶቻችን "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ሲሉን እኔ ያለ ጥያቄ አመንኩ። ባሕር ሲባል ደግሞ ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ሽርሽር አይደለም፤ ቀይ ባሕርን ሊሻገሩ ወጥተው የቀሩ ልጆች መርዶ ነው።

እንዲህ ያልኩት ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ዲዬጎ ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር በካያክ ውቅያኖስ ገብቼ ዓሣ አጠመድኩ። ሰው ሲሰማ የሚጠይቀኝ ስለ ዓሣው ነው። እኔ ግን ይበልጥ መናገር የምፈልገው ወደ ውሃው ከመግባታችን በፊት አሸዋው ላይ ስለተነጋገርነው ነገር ነው።

ቦታው ላ ሆያ ሾርስ ይባላል። ዓሣ አጥማጆች የሚወዱት ከሥሩ ስላለው ሸለቆ ነው። ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ የባሕሩ ወለል ድንገት ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚህ ምክንያት በሌላ ቦታ በሞተር ጀልባ ርቀው ሄደው የሚፈልጉት ትልቅ ዓሣ እዚህ በመቅዘፊያ ብቻ በሚደረስበት ርቀት ላይ ይገኛል። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ኬልፕ የሚሉት ረጅም የባሕር አረም ከሥር እስከ ላይ ደን ሠርቶ ይታያል። ይሁን እንጂ መንጠቆ እንደ ልብ አይጣልም። ካያክ የሚገባበት ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ማትላዋይል የተባለ ጥብቅ የባሕር ክልል ነው። መቅዘፍ ይቻላል፣ ማጥመድ ግን ፈጽሞ ክልክል ስለሆነ ድንበሩን እስክንወጣ ድረስ ዘንጎቻችን ታስረው ነው የሚጓዙት። ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ ፈቃድ መያዝ አለበት። እኔ እንዲህ ያለውን ሕግ እወዳለሁ፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር የሚቆየው እንዲህ ሲጠበቅ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ካያኩን አገላብጦ ካየ በኋላ "ይሄማ ታንኳችን ነው!" አለ። እውነቱን ነው። የጣና ታንኳም፣ ይህኛውም ካያክ ሰው ውስጡ የሚገባበት ሳይሆን ላዩ ላይ የሚቀመጥበት ነው። ልዩነታቸው፣ ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ ይፈልጋል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ሆዱ የታሸገ ሆኖ ከላዩ እስከ ታች የሚያልፉ ቀዳዳዎች ስላሉት የገባበት ውሃ ራሱ ወርዶ ያልቃል።

ወሩ ሜይ ነበር። በዓለ ሃምሳ ስለነበር "ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም" የሚለው የዘወትር ክርክራችን አልተነሳም። ጎህ ሲቀድ ተገናኘን። ዓመታት በዚያ ባሕር ላይ ያጠመዱት ታላቃችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ካያኮቹ ከመኪና ወርደው አሸዋው ላይ ከተደረደሩ በኋላ ሰበሰቡን። ስለ መንጠቆና ስለ ማጥመጃ የሚነግሩን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን "እስቲ እያንዳንዳችሁ የምትፈሩትን ተናገሩ። እዚህ ያልተነገረ እዚያ ይወጣል" አሉ።

ዝም አልን። ሁላችንም ወደ ባሕሩ ማየት ጀመርን። ለምን እንደቀደምኩ እስካሁን አላውቅም፤ "ጋሼ፣ እኔ ውሃ እፈራለሁ። ዋናም የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ብዙ አልችልም" አልኩ። ፊቴ ጋለ። ማንም አልሳቀም። ቀጥላ ነርሷ ጓደኛችን ጎንበስ ብላ ስትሠራ ባሕሩ እንደሚያጥወለውላት ተናገረች። የባሕር ዳሩ ልጅ ደግሞ "ሐይቅ አውቃለሁ፤ ዳር ላይ እንዲህ የሚሰበር ማዕበል ግን አላውቅም። ውሃ ዳር ያደገ ስለሆነ ይችላል እንዳትሉኝ" አለ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን ጥቂት ካመነታ በኋላ ግራ ትከሻው ከዚህ በፊት ወልቆ እንደነበር ነገረን። በዓመታት ጓደኝነታችን ይህን ሰምተን አናውቅም።

የዕለቱ ዕቅድ በዚያው ተለወጠ። ጋሼ እኔን ከታክሲ ነጂው ጋር አጣመሩኝ። ከዳር ሳንርቅ፣ ውሃው ደረታችን ድረስ በሚደርስበት ቦታ፣ ሁላችንም ሆን ብለን ካያኮቻችንን ገለበጥን፤ ተመልሶ መውጣትንም ተለማመድን። ዘዴው ሆድ፣ መቀመጫ፣ እግር ነው። በመጀመሪያ ውሃውን በእግር እየረገጡ በሆድ ካያኩ ላይ መተኛት፤ ቀጥሎ ተገላብጦ በመቀመጫ መቀመጥ፤ መጨረሻ ላይ እግርን ማስገባት። ለመቆም ወይም በጉልበት ለመንበርከክ የሞከረ ተመልሶ ይወድቃል። ላይፍ ጃኬት እስከ አንገት ተቆለፈ። ዓሣ ቢነክስም ባይነክስም ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ፊታችንን ወደ ዳር እንደምናዞር ተስማማን።

የሚሰበረውን ማዕበል አልፈን ድንበሩን ከወጣን በኋላ መጀመሪያ ያጠመድነው ማከረል ነበር፤ ትናንሽ መንጠቆዎች በተደረደሩበት መስመር ተይዞ ለትልቁ ዓሣ ማማለያ ይሆናል። አንድ የባሕር አንበሳ አጠገባችን ብቅ እያለ ድርሻውን ይጠብቅ ነበር። ነርሷ ከወለሉ ላይ ሃሊበት ጎትታ ስታወጣ ሁላችንም ጮኽን። ያን ዓሣ በቅርብ ያላየ ሰው ማየት አለበት። ጠፍጣፋ ነው፤ አንዱ ጎኑ የአሸዋ ቀለም ከነነጠብጣቡ ይዟል፣ ሌላው ጎኑ ነጭ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ባንድ ወገን ናቸው። ሲፈለፈል እንደ ማንኛውም ዓሣ ግራና ቀኝ ዓይን አለው፤ ሲያድግ አንደኛው ዓይን ተዘዋውሮ ወደ ሌላው ጎን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን አሸዋ ላይ ተኝቶ ወደ ላይ እያየ ያሳልፋል። ከ22 ኢንች ያነሰ ከሆነ ወደ ውሃው መመለስ ግዴታ ነው። ነርሷ መለኪያውን ዘርግታ ጅራቱን አስተካክላ ለካች። አለፈ።

ደስታው ገና ሳይበርድ ታክሲ ነጂው ከኋላው ካለው ባልዲ ማከረል ሊያወጣ ወገቡን ጠመዘዘ፤ በዚያው ቅጽበት አንድ ሞገድ ከጎን መጣ። ካያኩ ያለ ምንም ድምፅ ተገለበጠ።

ካናዳዊው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለ ወደቀ ሰው የሚያስተምሩት አንድ ስሌት አለ፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በቅጡ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ ያህል፣ ራስን እስከ መሳት ደግሞ 1 ሰዓት ያህል። ሰው ውሃው እንደያዘው ወዲያው በብርድ የሚሞት ይመስለዋል፤ መጀመሪያ የሚገድለው ግን ድንጋጤው ነው። ጓደኛችን ከውሃው ብቅ ሲል አፉን ከፍቶ አየር ይምግ ነበር፤ መናገር አልቻለም። ነርሷ ከሩቅ "ተንፍስ! መጀመሪያ ተንፍስ፣ መውጣቱ ይደርሳል!" ብላ ጮኸችበት። ጃኬቱ አንገቱን ከውሃ በላይ ይዞታል።

ከሁሉ የምቀርበው እኔ ነበርኩ። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃት በድፍረት ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ፍርሃቴን የማይሰውር ሰው ስለሆንኩ እሱን ለመደበቅ የማባክነው ጉልበት አልነበረም። ካያኩን ገልብጦ ካቀናው በኋላ እኔ ከማዶ በኩል ተጠግቼ በደረቴ ተኛሁበት። ሁለት ካያክ ጎን ለጎን ሲያያዝ በቀላሉ አይገለበጥም። "ቀኝህን ብቻ! ግራህን ተወው! እርገጥ!" አልኩት። ትከሻው የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበርና። ሆዱ ወጣ፣ ተገላበጠ፣ እግሩን አስገባ። ለረጅም ጊዜ የሁለታችንንም ካያክ ጨብጦ ዝም አለ።

ስንመለስ ዓሣው ገና ይነክስ ነበር። ሰዓቱ ግን 4 ሆኗል፤ ማንም አልተከራከረም።

ማታ ሃሊበቱ በሚጥሚጣና በሎሚ ተጠብሶ ሲበላ ታክሲ ነጂው ወደ እኔ ዘወር ብሎ "አንተ ቀድመህ ባትናገር የትከሻዬን ነገር አላነሳም ነበር። ዝም ብዬ እወጣ ነበር" አለኝ። ይህን ንግግር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። ግራ እጁን ይዤ ብጎትተው ኖሮ ትከሻው ድጋሚ ሊወልቅ ይችል ነበር። ያን ቀን የጠቀመን የኔ ጀግንነት አይደለም፤ አሸዋው ላይ ሁላችንም መደበቃችንን ማቆማችን ነው። የጋሼ ጥያቄ ከያዝነው ዕቃ ሁሉ ይበልጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኛ ሐበሾች በስደት አገር ሐይቅና ባሕር ዳር መሰብሰብ እንወዳለን፤ ሥጋ ይጠበሳል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ወጣቶቹ ውሃ ይገባሉ። "አልችልም" ማለት ያፈረ ልጅ ጓደኞቹን ተከትሎ ይገባል። መርዶውን ሁላችንም ሰምተናል። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት በጀልባና በካያክ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት ውስጥ ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት ላይፍ ጃኬት አላደረጉም ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ልመናዬ ይህ ነው፦ በምትኖሩበት ከተማ አዋቂ የሚያስተምር መዋኛ ካለ ተመዝገቡ፤ ከልጆች ጋር ጥልቀት በሌለው ገንዳ መጀመር አያሳፍርም፣ እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው። ጃኬቱን ዳር ላይ ሳላችሁ ቆልፉ። ልጆቻችሁ "እፈራለሁ" ሲሏችሁ ደግሞ እባካችሁ አትሳቁባቸው።