ከቶና በፊት አይጠየቅም

አቦሉን በጨዋ ደንብ ይጠጡለታል። ጥያቄው የሚመጣው ቶናው ሲቀዳ ነው። ከጎረቤት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ታስተካክልና ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እስቲ ጠይቅልን፤ እውነት ጃንሆይን አምላክ ናቸው ይላል?» ትላለች። ጃማይካዊው እንግዳችን እዚያው ፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ጃንሆይ» የምትለዋን ስለሚሰማ፣ ገና ሳልነግረው ፈገግ ብሏል።

ሻሸመኔ፣ ጃማይካ ሰፈር አጠገብ ነው ያደግኩት። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬም የስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግን ከእኔ የተሻለ ስላልተገኘ አስተርጓሚ ተደረግኩ። እንግዳችንን ሰፈሩ «ጋሽ ራስታ» ይለው ነበር። ጠጉሩን በትልቅ የሹራብ ቆብ ጠቅልሎ ሲገባ የኮኮናት ቅባቱ ሽታ ከቡናው ጢስ ጋር ይደባለቃል። እናቴ ጠጋ ብላ «ዛሬም ያቺን ነገር አጭሶ መጣ» ትለኛለች። ይቺን አልተረጉምም።

መጀመሪያ የገባቸው ምግቡ ነው። ሥጋ አይበላም፤ አረቄ አይቀምስም፤ ወጡ ውስጥ ጨው አይገባም። «ይሄማ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ ነው!» አለች እናቴ፤ ከዚያ ወዲህ በትንሿ ድስት ጨው የሌለው ሽሮ ለብቻው ትሠራለት ጀመር። ጠጉሩንም ከሶምሶን ስእለት ጋር አያይዞ ሲነግራቸው ተቀበሉት፤ ሶምሶንን የማያውቅ ማን አለ! ጭንቁ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። «ንጉሡ ራሳቸው ተዋሕዶ አይደሉም እንዴ? እሳቸው ሲያስቀድሱ የኖሩበትን ትቶ ለእሳቸው ይሰግዳል?» ስትል እናቴ፣ ስኒውን እያዞረ ቆየና «ትሕትናቸው ነው» አለ። መልሱ እሷን አላጠገባትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም እስከ ዛሬ አላጠገበኝም።

ስለ ጃማይካ ሰፈር መሬት ሲያወራ ግን ድምፁ ይለወጣል። ጣሊያን ሲወረን ከባሕር ማዶ ለጮኹልን ጥቁሮች ውለታ ጃንሆይ 5 ጋሻ መሬት መስጠታቸውን፣ ደርግም በ1967 ዓ.ም. መውረሱን ይተርካል። ከዚያ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.። ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሕዝቡ ጥሶ ገብቶ የጃንሆይን አውሮፕላን ሲከብ፣ እሱ ትንሽ ልጅ፣ አባቱ ትከሻ ላይ። ያየው አንድ ክንፍ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ የኮሪያ ዘማቹ ጎረቤታችን አባባ ከኛ ጋር ነበሩ። «እኔ ለዘመቻ ስንሸኝ ከዚህ እስከ በሩ ሆኜ አይቻቸዋለሁ» አሉ፤ «አጭር ናቸው። ደግሞ አስነጠሳቸው። በለው እስቲ፣ አምላክ ያስነጥሳል?»

ተረጎምኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«ኢየሱስስ ጀልባ ላይ እንቅልፍ ይዞት አልነበረም?» አለ ጋሽ ራስታ። ቀጠለና፣ «እርስዎ ፊታቸውን አይተው ወደ ቤትዎ ገቡ። እኔ ክንፍ አይቼ እዚህ መጣሁ።»

አባባ ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ከት ብለው ሳቁ። «ይሄ ሰውዬ ቄስ ነበር የሚወጣው!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይለያዩም፤ ያለ እኔ ምን ይባባሉ እንደነበር እንጃ። ሐምሌ 16፣ የንጉሡ ልደት፣ በዝናቡ ውስጥ ከበሮው ሲመታ አባባ ሜዳልያቸውን ደርድረው ይሄዱለታል። «ለከበሮው ነው» ይላሉ።

የጃንሆይ አፅም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሊያርፍ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ጠየቀ። «ሕያው አይቀበርም» ብሎ ዝም አለ። አባባ ግን ጥቁር ከረባታቸውን አስረው ዋዜማው ላይ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ተነሡ። ሻንጣቸውን መናኸሪያ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው። ወንበር ላይ አስቀመጣቸውና በመስኮቱ በኩል፣ በዚያች በሰባራ አማርኛው፣ «ሰላም በሉልኝ» አለ።

እናቴ ይህን ስነግራት እጇን አጨበጨበች። «ይኸው! አምኗል ማለት ነው!» «ለአዲስ አበባ ሰው ይሆናላ» አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ስንከራከር ከረምን።