የዳቦው ክረምት

ክረምትን ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኛን ትምህርት ቤት ያስተማሩን «ሰመር» ማለት በጋ፣ «ዊንተር» ማለት ክረምት ነው ብለው ነው። ሰኔ ላይ ግን ያው ትምህርት ቤት በሩ ላይ «የሰመር ክላስ ምዝገባ ተጀምሯል» ብሎ ይለጥፋል። ሹራብ ደርበን፣ ጭቃ እየዘለልን የምንማረው ትምህርት ስሙ ሰመር ነበር።

አሁን የምሠራው ሶፍትዌር ነው፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ግማሾቹ አውሮፓ ናቸው። ሐምሌ ላይ ስብሰባ ስንገባ እነሱ በቲሸርት፣ እኔ በጋቢ ነኝ። «ሰመር እንዴት ይዞሃል?» ይሉኛል። ዝናብ ነው ስላቸው ያዝኑልኛል። አንዱማ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎኛል። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ልጅ ሆነን ዝናብ የሚያበላሽብን እረፍት አልነበረንም። እረፍታችን ዝናቡ ራሱ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። በትምህርት ቤት አቆጣጠር ካርድ ከምንቀበልበት ቀን እስከ መስከረም ነው። በእኛ ቤት አቆጣጠር ደግሞ ክረምት የሚገባው እማዬ ከአልጋ ሥር ሦስቱን ጎድጓዳ ሳህኖች ስታወጣ ነው። አንዱ በሩ አጠገብ፣ አንዱ ሳጥኑ ላይ፣ ትልቁ የአያቴ አልጋ ግርጌ ይቀመጣል። ቆርቆሯችን የትና የት እንደሚያፈስ ሁላችንም በቃላችን እናውቅ ነበር።

ያደግነው ሽሮ ሜዳ ነው፤ እንጦጦ ሥር፣ ሸማኔዎችና የሀበሻ ልብስ ሱቆች የሞሉበት ሰፈር። እዚያ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ተራራው ነው። ባሕር ዛፉ በጉም ይሸፈናል፤ ከዚያ ድምፁ ከላይኛው ሰፈር ቆርቆሮ ጀምሮ እየሮጠ ይወርዳል። «መጣ!» ብለን ወደ ቤት ስንሮጥ ብዙ ጊዜ እሱ ይቀድመናል። ቤት ከገባን በኋላ ማውራት አይቻልም፤ በተለይ በረዶ የቀላቀለ እንደሆነ። አባቴ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ትንሽ ይታገልና ይዘጋዋል። መብራትም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ጓዳ ነው። ስድስት ነበርን፤ አያቴ፣ አባቴ፣ እማዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ እኔና ትንሹ ወንድሜ። በጋ ላይ ስድስታችንም አንድ ላይ የምንገኘው ለእራት ብቻ ነው። በክረምት ግን ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሰብስቦ ያስገባንና በር ይዘጋብናል። ኮንከር የተማርኩት ያኔ ነው፤ አባቴ ካርታ ላይ የሚያጭበረብር ሰው መሆኑንም ያኔ ነው ያወቅኩት። አያቴ ከብርድ ልብስ ሥር ሆነው ተረት ይነግሩናል። መሀል ላይ እንቅልፍ ይጥላቸውና ሲነቁ ጅቡን ትተው ከጦጣዋ ይቀጥላሉ። ወንድሜ «እማማ፣ ጅቡስ?» ይላቸዋል። «ሄደ» ይላሉ። በቃ፣ ሄደ።

ከጨዋታዎቻችን ሁሉ የምወደው ግን የፀሐይ ሩጫውን ነበር። ጠዋት ደመናው ገለጥ ሲል እማዬ ስንዴውን ሰሌን ላይ ዘርግታ ደጅ ታሰጣለች። የእኛ ሥራ ሰማዩን መጠበቅ ነው። እንጦጦ ጠቆር ካለ እንጮኻለን፤ ሰሌኑን በአራት ጥግ ይዘን፣ አንድ ፍሬ ሳይወድቅ በሩጫ ቤት እናስገባለን። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እናወጣዋለን። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ያስገባንበት ጊዜ አለ። ወንድሜ እግር ኳስ ጨዋታ እንደሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ሆኖ ሩጫውን ያስተላልፍ ነበር።

ከዚያ በዓላቱ ይመጣሉ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ እኛም «እንጾማለን» ብለን እስከ ረፋድ እንጾማለን። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ዋዜማው ላይ የሰፈር ወንዶች ተሰብስበን ዱላችንን ይዘን ሆያ ሆዬ እንጨፍራለን፤ ሙልሙልና ሳንቲም ይሰጠናል፤ ሲመሽ ችቦ ይበራል። ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ከጣለ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ይወጣል፤ ጠበል ነው ተብሎ ማንም አይቆጣንም። ከዚያ እንቁጣጣሽ። ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ብዙ አልልም።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ስለ አንዱ ክረምት ነው። እኔና ወንድሜ «የዳቦው ክረምት» እንለዋለን። የ2000 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ 10 ዓመቴ ነበር። ዓመቱ የጀመረው በሚሊኒየሙ ድግስ ነው፤ ለበዓሉ የተሠራው ሚሊኒየም አዳራሽ፣ ከአሜሪካ ድረስ የመጡት ብላክ አይድ ፒስ፣ ርችቱ፣ ሁሉም ነገር። ለእኔ ግን የዓመቱ ትልቁ ነገር መጨረሻው ላይ ነው የመጣው። ያን ክረምት እማዬ ዳቦ መጋገር ያዘች። ቁርስ ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ዳቦ በሽሮ፣ እራት ቂጣ በበርበሬና በዘይት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ድፎ ይደፋል። የኮባው ሽታ፣ የእርሾው ሽታ፣ ውጪ ዝናብ፣ ውስጥ የጋለ ምጣድ። ቡሄ ዓመቱን ሙሉ የሆነ ነበር የመሰለን። ሽሮን በዳቦ መብላትን እንደ ቅንጦት ነበር የምናየው። መስከረም ላይ ለጓደኞቼ በጉራ አውርቼላቸዋለሁ።

ይህን ታሪክ ባለፈው ነሐሴ አንሥተን ስናወራ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እማዬ አሁን የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከላይ ሌላ ሰው ስላለ ዝናቡ አይሰማም፤ መዝነቡን የምታውቀው መስኮቱን አይታ ነው። እህቴ ከዱባይ ቪዲዮ ደውላ ነበር። እዚያ ነሐሴ ማለት ከቤት የማያስወጣ ሙቀት ነው። «እስኪ ስልኩን ወደ በረንዳ አውጣው፣ ዝናቡን ልየው» አለችኝ። አወጣሁት። ትንሽ ካየች በኋላ ወሬው ወደ ሽሮ ሜዳ ሄደ፤ እኔም «ያ የዳቦው ክረምት አይረሳኝም» አልኩ።

እማዬ ቡናውን እየቀዳች ነበር።

«የትኛው የዳቦ ክረምት?» አለች።

ነገርኳት። ድፎውን፣ ቂጣውን፣ ሽሮ በዳቦውን።

«ጤፍ የጠፋብን ጊዜ ነዋ» አለች፤ ስኒውን ለእኔ እያቀበለች። «እንጀራ ብጋግርማ ኖሮ ምን ዳቦ አስደፋኝ?»

ስልኩ ውስጥ እህቴ ሳቀች። «አንተ እስከ ዛሬ አታውቅም? እኔ እኮ ቀበሌ ሰልፍ የምይዝላት እኔ ነበርኩ።»

እሷ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር።

ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ስለዚያ ዓመት ማንበብ ጀመርኩ። የዓለም የእህል ገበያ ጣሪያ የነካበት ዓመት ነበር። እኛ አገር ደግሞ የበልጉ ዝናብ በብዙ አካባቢ ሳይሳካ ቀርቷል። ሐምሌ ላይ የዋጋ ንረቱ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ከ50 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። መንግሥት ስንዴ ከውጭ እያስገባ በከተማ ላለው ሰው በቅናሽ ይሸጥ ነበር። እኛ በአራት ጥግ ይዘን የምንሮጥበት ስንዴ እሱ ነው። እማዬ ለሰልፉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታ፣ እህቴ ነቅታ ስትተካት ተመልሳ፣ ለእኛ ሻይ አፍልታ ትጠብቀናለች። እኔ ስነቃ የማየው ሻዩን ነው።

ለነገሩ ያ ዓመት ባሰ እንጂ ክረምት ሁሌም ለቤት እመቤት አስቸጋሪ ነው። ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ። ስለዚህ ክረምት ማለት የአምናው እህል እያለቀ፣ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። ገበሬው ጎተራውን አይቶ ያውቀዋል፤ ከተሜው በዋጋው ያውቀዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ግን በጋም ክረምትም ያው ነው። በዚያ ላይ ከእንጦጦ ሴቶች በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ቅጠል ይረጥባል፤ አልነድ ብሎ ይጨሳል፤ ላምባ ይገዛል። የታጠበ ልብስ ለሦስት ቀን አይደርቅም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ የመዋጮ ክፍያ፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ፣ ሁሉም በአንድ ወር ይመጣል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ በምን ሒሳብ አብቃቅቶ እንደሚያልፈው፣ ኮምፒውተር ላይ ሒሳብ እየሠራሁ የምኖረው እኔ እስካሁን አልገባኝም።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር፣ ሦስት ክረምት ነበር ማለት ነው። የእኔና የወንድሜ የዳቦ ክረምት፤ የእማዬ የጤፍ ክረምት፤ የእህቴ ደግሞ የሁለቱም። ቀን ከእኛ ጋር ኮንከር ትጫወታለች፤ ሌሊት ሰልፍ ትይዛለች። ለእኛ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለችም። አሁን በየዓመቱ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለአክስታችን ልጆች ደብተር መግዣ ብር ከዱባይ ትልካለች። መስከረም ላይ ሳይሆን ነሐሴ ላይ። እኔ ሁልጊዜ የምትቸኩል ይመስለኝ ነበር። መስከረም ላይ ዋጋው እንደሚጨምር የምታውቀው ከ13 ዓመቷ ጀምሮ ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ የዳቦው ክረምት ተበላሸብኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። አልተበላሸም። ዳቦው አሁንም ይሸተኛል፤ እንደውም ጨምሯል። ድሮ ያን ደስታ ወቅቱ በራሱ ይዞት የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ዝናቡ፣ እንደ በቆሎ እሸቱ፣ እንደ አደይ አበባ። አሁን የሰው እጅ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ጭንቀቷን ጓዳ ውስጥ ትታ፣ ለእኛ ዳቦውን ብቻ ይዛ የወጣች ሴት ነበረች። ስለ ልጅነታችን ክረምት ስናወራ ብዙዎቻችን ዝናቡን፣ ጭቃውን፣ ጨዋታውን እናነሣለን። ልጅነታችሁን የምትወዱት ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ ያኔ ጓዳ ውስጥ ማን ነበር? በሕይወት ካሉ ደውሉና ጠይቁ። መልሱ ከትዝታችሁ ጋር አይጣላም፤ ግማሹ ይጎድለው ነበርና ይሞላዋል።

እኔ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ አንቺስ? ከዚያ ሁሉ ክረምት የምትወጂው ነገር አልነበረም?»

ትንሽ አሰበች። «ነበር እንጂ» አለች። «ከሰዓት በኋላ፣ ሦስታችሁም በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልላችሁ ስትተኙ። አባትህ ሥራ፣ እማማም እንቅልፍ ወስዷቸው። ያኔ ቁጭ ብዬ ዝናቡን ብቻዬን እሰማዋለሁ። ማንም ምንም አይጠይቀኝም።» ከዚያ ጀበናውን አነሣች። «አሁን አይሰማም እንጂ።»

ዘንድሮ ዱቄቱን ሐምሌ ሳይገባ፣ ገና ሰኔ ላይ ነው የገዛሁላት። እህቴ በስልክ ዋጋውን ጠይቃ፣ ተወደደብህ ብላ ተቆጣችኝ። ለቡሄ እማዬ 30 ሙልሙል ጋገረች። የኮንዶሚኒየሙ ልጆች አራት ፎቅ ድረስ እየጨፈሩ ወጡ፤ ደረጃው በዱላ ተናወጠ። በሩ ላይ ቆማ እየቆጠረች ለእያንዳንዱ ሰጠች። አንዱ ትንሽ ልጅ በሁለት እጁ ይዞ አሸተተውና «እትዬ፣ እናንተ ቤት ሁሌ ዳቦ አለ?» አላት።

«ሁሌ የለም» አለችው። «ዛሬ ግን አለ። ብላ።»