ሾፌር ያጣው ማተሚያ

ከጭሮ አልፈን በደሳ የሄድነው ለሰርግ ነበር። ስንመለስ ግን የምናወራው ስለ ፎቶ ማተሚያ ነው። እንዴት? ቆይ እንንገራችሁ።

በአንድ ፎቶ ቤት ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ፣ የድራይቨሩ ሲዲም ጠፍቶ፣ ደህናው ማተሚያ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። «ሾፌር ያጣ አይሱዙ ሆኖብኛል አቦ!» አሉን ባለቤቱ። እኛ ደግሞ «ኮምፒውተር ያውቃሉ» ተብለናል፤ ማፈግፈግ ነውር ነው። ሊኑክስ ያለበትን ላፕቶፕ አወጣን።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ የሟች አባቷን ፎቶ በስልኳ ይዛ መጣች። ያላት እሱ ብቻ ነው። አተምን። ከጥቁሩ ኮፍያ ሥር ግንባራቸው ጠቁሮ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ወጣ። አየችውና «ይሄ አባቴ አይደለም» አለች። ዝም አልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነቱ ማተሚያ ቀለም አይረጭም። ቢጫውን፣ ማጀንታውንና ሳያኑን በየተራ ከሪባን ላይ በሙቀት ወደ ወረቀቱ ያሳልፋል፤ በመጨረሻ መከላከያ ሽፋን ይደርብበታል። የሚያሞቀው ክፍል ግን ጥቁር ነገር ካተመ በኋላ ቶሎ አይበርድም፤ ተከታዩን መስመርም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ሙቀቱ አስቀድሞ ተሰልቶ መቀነስ አለበት። በአንዳንድ ማተሚያዎች ይህ ስሌት ያለው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በተዘጋው ድራይቨር ውስጥ ነው። ድራይቨሩ ሲጠፋ ስሌቱም አብሮ ይጠፋል።

ደግነቱ ለዚህ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አሉ። ጉተንፕሪንት በሚባለው የነጻ ድራይቨሮች ፕሮጀክት የሚሠራው ሰለሞን ፒቺ የሚትሱቢሺ ሲፒ-ዲ70 ቤተሰብ ማተሚያዎችን የቀለም ስሌት ፈትቶ፣ በክፍት ኮድ እንደገና ጽፎ ለሁሉም ሰጥቷል። የዚህ ሥራ ዘዴ ሲያወሩት ቀላል ነው፦ የምታውቀውን ምስል ታስገባለህ፣ የሚወጣውን ቁጥር ታያለህ፣ በመሃል ያለውን ሂሳብ ትገምታለህ። ሳይገጥም ሲቀር ደግመህ ትጀምራለህ።

«ትክክለኛ ቀለም» የሚባለውንም የሚወስን ሰው አለ። የኮዳክን ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የቆዳን ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በተባለ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእኛ አባቶች እዚያ ካርድ ላይ አልነበሩም።

ማምሻውን ማስተካከያውን ጭነን ደግመን አተምን። ልጅቷ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ ብዙ አየችው። «አሁን አባዬ መጣ» አለች።

ሰማያዊ ሸሚዛቸው ትንሽ ወደ ወይን ጠጅ ማድላቱን አልነገርናትም። እሱን ገና እየታገልነው ነው።