ፓምፑ እየሠራ ለካው

አርብ ማታ አጎቴ ደወሉልኝ። «ቤቱ አልነሳም አለ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሰማቸው ግራ ይገባው ነበር። እኔን ግን ወዲያው ገባኝ፤ የአጎቴ ቤት ጎማ አለው።

ጋሼ የከባድ መኪና ሾፌርነቱን ከተዉ ወዲህ አንድ ያገለገለ ፊፍዝ ዊል ገዝተው፣ ከዳላስ ወጣ ብሎ ባለ የተሳቢ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ፊፍዝ ዊል መኝታ፣ ማብሰያና ሻወር ያለው ትልቅ ተሳቢ ነው። በጉዞ ጊዜ የፊት አንገቱ ፒካፕ መኪና ጀርባ ላይ በተገጠመ ማያያዣ ላይ ይቀመጣል። ሲቆም መኪናው ከሥሩ ይወጣና የሃይድሮሊክ ክሪኮች ይሸከሙታል። የጋሼ ስድስት አለው፤ ሁለት ፊት፣ ሁለት መሃል፣ ሁለት ኋላ። በባትሪ የሚሠራ አንድ ፓምፕ ዘይት ይገፋል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ቫልቮች ዘይቱን ወደየእግሩ ያደርሳሉ፣ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ደግሞ ወዴት እንዳዘነበለ እያየ ቤቱን ውሃ ልክ ያደርገዋል።

እሁድ ጠዋት ቦታውን ለሌላ ተከራይ መልቀቅ ነበረባቸው። ለመሄድ ግን መጀመሪያ የቤቱ ፊት ከፍ ብሎ መኪናው ከሥሩ መግባት አለበት። ቁልፉን ሲጫኑት ፓምፑ ያቃስታል፣ ቤቱ የጣት ያህል እንኳ ሳይነሳ ይቆማል፣ ሰሌዳው ላይ «ቮልቴጅ ዝቅተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

እኔ አዲስ አበባ አምስት ዓመት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ከተመረቅኩ ወዲህ ግን ኮድ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የስህተት መልእክት ማንበብ እንጀራዬ ነው። መልእክቱ «ቮልቴጅ» ካለ ባትሪው ሞቷል ማለት ነው ብዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመንገዴ ላይ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ደረስኩ።

ጋሼ ባትሪውን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሮጌውን ለክተኸዋል?»

«አልለካሁም።»

«እሺ፣ ግጠመው።»

ገጠምኩት። ፓምፑ ልክ እንደ ትናንቱ አቃሰተ። ጽሑፉም ያው መጣ።

ዘይት ጎድሎ ይሆናል ብዬ የፓምፑን ጋን ከፈትኩ። እውነትም ዝቅ ብሏል። ልጨምር ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። «እግሮቹ እኮ ተዘርግተዋል። ዘይቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አሁን ብትሞላው እግሮቹ ሲሰበሰቡ የት ሊገባ ነው?» የዘይቱ ልክ የሚታየው እግሮቹ ሁሉ ተሰብስበው ሳለ ነው። ይሄን አላውቅም ነበር።

ቀጥዬ ቴስተሩን አወጣሁ። አዲሱም አሮጌውም ባትሪ 12.6 ቮልት አላቸው። ቴስተሩን የሽቦ መበጠስ ወደሚፈትሸው ቦታ አዙሬ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ሁሉም «ቲት» አሉ። «ሽቦዎቹ ደህና ናቸው» ብዬ ከዝርዝሬ ሰረዝኳቸው። እንግዲህ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ቤቱ ብቻ ነው የማይነሳው። በልቤ የአዲስ ፓምፕ ዋጋ ማስላት ጀምሬ ነበር።

ጋሼ ከፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። በወጣትነታቸው ሶማሌ ተራ መካኒክ ነበሩ። «ፓምፑ እየሠራ ለካው» አሉኝ።

ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስደረጉኝ፤ ከፊት በኩል ደግሞ ወፋፍራም የብረት መቆሚያ አስገባሁ። «ክሪክ አይታመንም» አሉ። «ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ ነገር ሥር የገባ ሰው አይቻለሁ።» ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ፓምፑ ወዳለበት የዕቃ ማስቀመጫ በደረቴ ተሳብኩ። እሳቸው ውጭ ሆነው ቁልፉን ይጫናሉ፣ እኔ ቁጥር እጠራለሁ።

ባትሪው ላይ 11.8። ፓምፑ ላይ 9.4። ሁለት ነጥብ አራት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። በቀዩ ገመድ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁ፣ 0.3። በጥቁሩ በኩል፣ 2.1።

«ማሳው ነው» አሉ ጋሼ።

መጀመሪያ የእርሻ ማሳ መሰለኝ። ለካ የመካኒኮች ቃል ነው፣ ከጣሊያንኛ የመጣ። እኔ በትምህርት ቤት «ግራውንድ» ብዬ የተማርኩት፣ ጥቁሩ ገመድ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ነው። በባትሪ ብርሃን ፈልጌ አገኘሁት፤ ብሎኑ ዝጎ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ቡናማ ዱቄት ሆኗል።

እዚያው በጀርባዬ ተኝቼ ሒሳቡን ሠራሁ። ፓምፑ መቶ አምፔር ገደማ ሲስብ 2.1 ቮልት ለማጥፋት 0.02 ኦም ይበቃል። የእኔ ቴስተር እንዲህ ያለውን ቁጥር ከዜሮ አይለየውም። «ቲት» የሚለው ድምፅ የነገረኝ ሽቦው አለመበጠሱን እንጂ ሸክም መቻሉን አልነበረም። የኦምን ሕግ ፈተና ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

ባትሪውን አላቅቄ ብሎኑን ፈታሁ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ መልሼ አሰርኩት። ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። ፓምፑ ድምፁን ቀየረ፣ የቤቱም ፊት ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ይምጡ ይዩት!» አልኩ በደስታ። ለማየት በርከክ ሊሉ ሞከሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ የፊተኛውን ክሪክ ይዘው ቆሙ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይሄን ብልሽት በግማሽ ሰዓት የሚያገኝ መካኒክ እኔን የጠራኝ ዕውቀት አጥቶ አይደለም። እዚያ ሥር መግባት ስላልቻለ ነው።

«ጉልበትዎን ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት?»

«ቆየ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ፣ ምንም ቅሬታ በሌለው ድምፅ። «ደህና ነዎት ወይ ነው የምትለኝ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እውነታቸውን ነው። በየእሁዱ ደውዬ፣ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ሳለ ጠይቄያቸው፣ «ደህና ነኝ» ሲሉኝ ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ምንም ሸክም ሳይኖር 12.6።

እሁድ ጠዋት ቤቱን ከመኪናው ጋር አያይዘን እኔ ወዳለሁበት ቀረብ ወዳለ ግቢ ወሰድነው። አዲሱን ባትሪ መለስኩት፤ አሮጌው ምንም አልሆነም። ዝርዝሬ ላይ ከሰረዝኳቸው መስመሮች አጠገብ «እየሠራ ይለካ» ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ስደውል ሌላ ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። «ዛሬ ደረጃውን ስንቴ ወጡ? ገበያ የሄዱት በእግርዎ ነው? ጋዙን ማን አነሳልዎት?» መጀመሪያ ሰሞን ይስቁብኝ ነበር፣ «መርማሪ ሆንክብኝ» እያሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሦስቴ ወጣሁ» አሉኝ። «ሦስተኛው ላይ መሃል ደረጃ ቁጭ አልኩ።»

የሐኪም ቀጠሮ የያዝነው በማግስቱ ነው።